በጎማ ላይ ስላለ ቤት፤ ካሚዮን ነጂዎች ጋቢናቸውን ቀስ በቀስ መኖሪያ ስለ ማድረጋቸው

ቤት ማለት ግድግዳና ጣራ ብቻ አይደለም። ሰው ሌሊቱን የሚያርፍበት፣ እህል የሚቀምስበት፣ ጸሎቱን የሚያደርስበት ስፍራ፣ ጠባብም ቢሆን ቤት ይባላል። ስለ ቤት አያያዝ በዚህ ገጽ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ዛሬ ግን እንደ ቤት ቈጥሮ የሚያስበው ሰው ስለማይገኝ ቤት፣ ይኸውም በጎማ ላይ ስለሚሄደው፣ ጥቂት ቃል ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

ከደሴ ተነሥቶ በወልድያ፣ በጎብዬና በቆቦ አልፎ ወደ አላማጣ፣ ከዚያም ወደ መቀሌ የሚወጣውን መንገድ የማያውቅ ጥቂት ነው። ይህን መንገድ ለመኪና እንዲመች አድርገው የሠሩት ኢጣልያኖች አገራችንን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዙበት ዘመን ነበር። እነርሱ ሲሄዱ መንገዱ ቀረ፤ ከመንገዱም ጋር ጎማ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን የሚሉት ቃላት ቀሩ። ሾፌሩ የሚቀመጥበትንም ክፍል ጋቢና ብለን የምንጠራው ከዚያው ቋንቋ ወስደን ነው።

በጎብዬ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ፣ ፀሐይ በበረታች ጊዜ፣ ካሚዮኖች ከዛፍ ጥላ ሥር ቁመው ያያል። የራያ ቆላ ማሽላና ጤፍ የሚያበቅል፣ በመስኖም ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሰጥ ለም ምድር ነው፤ ነገር ግን ሙቀቱ ብርቱ ስለ ሆነ የጋቢናው ላሜራ እንደ ምጣድ ይግላል። ሾፌሩ ጭነት እስኪሞላለት አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቃል። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚህ አገር በቆየበት ጊዜ ደግሞ መንገዱ ፈጽሞ ተቈርጦ ነበር። እንግዲህ በዓመት ውስጥ ከቤቱ ይልቅ በጋቢናው የሚያድረው ሌሊት የሚበዛበት ሰው፣ ያንን ጠባብ ስፍራ ለማሳመር ቢደክም የሚያስገርም አይደለም።

በጉዞ ላይ መኖር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጐንደርን ከመቈርቈራቸው በፊት ነገሥታቱ ብዙውን ዘመን በድንኳን ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ በየጊዜው ቢነሣም ሥርዐቱ አይናወጥም፤ ማን በፊት፣ ማን በቀኝ፣ ማን በግራ፣ ማንስ በደጅ እንደሚሆን የታወቀ ነበር። ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ደጃዝማች የሚሉት ማዕርጎች ይህንኑ ሥርዐት ያስታውሱናል። ከዚህ የምንማረው፣ የሚንቀሳቀስ ቤት የሚጸናው ለእያንዳንዱ ነገር ስፍራ ሲወሰንለት መሆኑን ነው።

ጋቢናን መኖሪያ የሚያደርጉ ብልኆች ሾፌሮችም ሥራውን ባንድ ቀን አይጨርሱትም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ ከየጉዞው ትርፍ ጥቂት እያስቀሩ ያበጁታል። መጀመሪያ የሚታሰበው መኝታ ነው። እንደ ሲኖትራክ ያለው ትልቁ ካሚዮን ከወንበሩ በስተኋላ አልጋ አለው። አልጋ የሌለው ግን ወንበሮቹን በሳንቃ አገናኝቶ በላዩ ስፖንጅ ያነጥፋል። ረዳቱ ብዙውን ጊዜ ከሸራው ሥር በጭነቱ ላይ ስለሚያድር፣ ለእርሱም የሚነጠፍና የሚደረብ ማዘጋጀት የሰውነት ግዴታ ነው። ጋሼ እያለ የሚያገለግል ልጅ በብርድ አድሮ፣ በማግሥቱ ጎማ ሊያነሣ አይችልም።

ሁለተኛው ነፋስና ጥላ ነው። በራያ ቆላ የወባ ትንኝ ስላለች፣ መስኮት ከፍቶ መተኛት ለበሽታ ያጋልጣል፤ ዘግቶም መተኛት ያፍናል። ስለዚህ የአጎበር ጨርቅ በመስኮቱ ልክ ቈርጦ ማታ ማታ መወጠር ከሁሉ የሚበልጥ መድኃኒት ነው። ለቀኑም ወፍራም መጋረጃ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የዕቃ ማስቀመጫ ነው። ከአልጋው ሥር ክዳን ያለው ሳጥን ቢሠራ፣ ድስቱ፣ ሲኒው፣ የውሃው ጀሪካንና የልብሱ ቦርሳ እየታሰሩ ይቀመጣሉ። ይህም ለውበት ብቻ አይደለም። ከአላማጣ ወደ ኮረም በሚወጣው በግራ ካሕሱ ጠመዝማዛ ላይ፣ ያልታሰረ ጠርሙስ ተንከባሎ ከፍሬኑ መርገጫ ሥር ቢገባ የሰው ነፍስ ያጠፋል። እንዲሁም ከፊት መስተዋት ላይ ጌጥ ማብዛት የሾፌሩን ዐይን ይጋርዳል።

አራተኛው መብራት ነው። የትልልቆቹ ካሚዮኖች ኤሌክትሪክ ባለ 24 ቮልት ሲሆን፣ ይህም ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ተያይዘው የሚሰጡት ነው። ከአንዱ ባትሪ ብቻ ገመድ ስቦ ሌሊቱን ሙሉ መብራትና ሬዲዮ የሚያሠራ ሰው፣ ያንን ባትሪ አድክሞ ንጋት ላይ ሞተሩ እንቢ ይለዋል። ፊውዝ የሌለው ሽቦም እሳት ያስነሣል።

ከሁሉ ይልቅ አጥብቀን የምናስጠነቅቀው ግን ስለ ከሰል ነው። ከቆላው ወጥቶ በደጋ የሚያድር ሰው ብርድ ሲበረታበት የከሰል ምድጃ ወደ ጋቢናው ሊያስገባ ይችላል። ከሚነደው ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዝ መልክም ሽታም የለውም፤ አስቀድሞ ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ ከዚያ የተኛውን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ስለዚህ ምግብና ቡና ከመኪናው ውጭ ይፈላ፤ ለብርድ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃል።

በውጭ አገር በመኪና መኖርን ሀብታሞች ጭምር ለደስታ ይመርጡታል። በአውሮጳ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. የጀርመኑ ቮልክስዋገን ፋብሪካ ሳጥን መሰል መኪና መሥራት ጀመረ፤ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ቬስትፋሊያ የተባለው ፋብሪካ ለዚያው መኪና የሚስማማ የመኝታና የማብሰያ ዕቃ አወጣ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች በእንዲህ ያለ መኪና አገር ለአገር ይዘዋወራሉ። የእኛ ሾፌር ግን በጋቢና የሚያድረው ለእንጀራ ነው፤ ልጆቹም በሌላ ቤት ይጠብቁታል።

ስለዚህ ጋቢና የቱን ያህል ቢያምር የቤተሰብን ቤት ሊተካ አይገባውም። የአውሮጳ ኅብረት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ሾፌር በሕግ የተወሰነለትን የ45 ሰዓት የሳምንት ዕረፍት በመኪናው ውስጥ እንዳያሳልፍ ፈረደ። ከነሐሴ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕግም ባለ መኪናዎች ሥራውን ሲያደላድሉ ሾፌሩ በየአራት ሳምንቱ ውስጥ ወደ ቤቱ ለመመለስ እንዲችል ያዝዛል። ይህ ሕግ የእኛ ባይሆንም ምክሩ ለእኛም ይጠቅማል።

ካሚዮን ያላችሁ ባለ ሀብቶች፣ ጭነትም የምታዝዙ ሹማምንት ሆይ፣ ለሾፌራችሁ የአጎበርና የስፖንጅ ዋጋ አትንፈጉት፤ ከዚህም በላይ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን ቀን አስቀድማችሁ ወስኑለት። በደንብ ያልተኛ ሰው መሪ ሲይዝ ንብረታችሁም የመንገደኛውም ሕይወት አደጋ ላይ ነው። አባቱን በበዓል ቀን ብቻ የሚያይ ልጅ ደግሞ እንደ እንግዳ ይፈራዋል፤ እንዲህ ያለውን ጉዳት በኋላ የሚጠግን ባለ እጅ አይገኝም።