ያልተነሣውን እሳት መቁጠር፦ ከሳዑዲ ሲቪል መከላከያ ጋር ትውውቅ

ሱለይ በሪያድ ከተማ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝ፣ መጋዘን፣ ጋራዥ፣ ወርክሾፕና የሠራተኛ መኖሪያ ተጠጋግተው የቆሙበት ሰፈር ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ጎማ፣ ቀለም፣ ስፖንጅ፣ ካርቶንና ፕላስቲክ የሚከማችበትን ግቢ ከሰው መኝታ የሚለየው አንዳንዴ አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። እሳት ቢነሣ ማን ይመጣል? በስንት ደቂቃ? በስንት መኪና? መልሱ የሚወሰነው እሳቱ በተነሣ ዕለት አይደለም፤ ጣቢያ የት ይሠራ፣ ምን ዓይነት መኪና ይገዛ፣ የትኛው ሕንፃ ይፈተሽ ተብሎ አስቀድሞ በታቀደው ዕቅድ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ ይህን የሚያቅደው የሲቪል መከላከያ ጠቅላይ ዳይሬክቶሬት፣ በነዋሪው አጠራር «ዲፋዕ መደኒ» ነው።

የተቋሙ ታሪክ የሚጀምረው ከመካ ነው። በ1346 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም በ1927 እ.ኤ.አ.፣ የመጀመሪያው የእሳት አደጋ ቡድን በዚያች ከተማ ተቋቋመ። ዛሬ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ያለ ብሔራዊ ተቋም ነው። የሚመራበት የሲቪል መከላከያ ሕግ በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ እሳት ከማጥፋት በተጨማሪ የጎርፍ አደጋን፣ ሰው ማዳንንና ሕዝብን ማስጠንቀቅን ያጠቃልላል። ከበላይ ሆኖ ፖሊሲ የሚያወጣው ምክር ቤት በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ይመራል። የእኛ አገር አሠራር ከዚህ ይለያል። በኢትዮጵያ እሳት ማጥፋት በዋናነት የየከተማው ሥራ ነው፤ አዲስ አበባ በ939 የሚጠራ የራሷ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን አላት።

አንድ ብሔራዊ ተቋም ግን ገንዘቡም ሰዉም ውስን ነው። ለሁሉም ቦታ እኩል መድረስ ስለማይችል ማስቀደም አለበት። የማስቀደሙ ሥራ በሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል፦ ምን ሊነድ ይችላል? ቢነድ ማን ይጎዳል? በምን ያህል ጊዜ ሊደረስለት ይቻላል?

ጥያቄዎቹን በተሳሳተ ቅደም ተከተል መመለስ ምን እንደሚያስከትል የብሪታንያ ታሪክ ያሳያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ አገሪቱ ሰፈሮችን በአደጋ ደረጃ ከፋፍላ ትሠራ ነበር። ሕንፃ ለታጨቀበት የከተማ መሐል ሁለት መኪኖች በ5 ደቂቃ፣ ሦስተኛው በ8 ደቂቃ መድረስ ነበረባቸው። ራቅ ላለ ገጠር አንድ መኪና በ20 ደቂቃ ይበቃ ነበር። አከፋፈሉ የተመሠረተው በሕንፃና በንብረት ጥግግት ላይ ነው። ሰው በብዛት የሚሞተው ግን በባንክና በመደብር መሐል ሳይሆን ሌሊት በመኖሪያ ቤቱ ነበር። ስለዚህ ብሔራዊው መለኪያ ቀርቶ፣ እያንዳንዱ የእሳት አደጋ አገልግሎት በአካባቢው ለሰው ሕይወት ያለውን ስጋት አጥንቶ የራሱን ዕቅድ እንዲያወጣ ተደረገ። ለሱለይ ዓይነት ሰፈር ትምህርቱ ግልጽ ነው። በካርታ ላይ «መጋዘን» ተብሎ የተሰየመ ቦታ ውስጥ የሚያድር ሰው ካለ፣ ዕቅዱ ከዕቃው በፊት ያንን ሰው ማየት አለበት።

ሳዑዲ ዐረቢያ ራሷ ትልቁን ትምህርት የቀሰመችው ከሚና ነው። ሚያዝያ 1997 እ.ኤ.አ. በሐጅ ወቅት፣ ሚና በተባለው የሐጃጆች ማረፊያ፣ በማብሰያ ጋዝ ሳቢያ የተነሣ እሳት በነፋስ እየታገዘ በድንኳኖቹ ላይ ተዛመተ። ወደ 70,000 የሚጠጉ ድንኳኖች ወደሙ፤ በይፋ እንደተነገረው 343 ሰዎች ሞቱ፤ ከ1,000 በላይ ቆሰሉ። ከዚያ ወዲህ የተወሰደው ዋነኛ እርምጃ መኪና መጨመር ብቻ አልነበረም። የጨርቅ ድንኳኖቹ ቴፍሎን በተቀባ፣ እሳት በሚቋቋም ፋይበር ግላስ ተተኩ፤ ጋዝ በድንኳን ውስጥ መጠቀም ተከለከለ። ሲቪል መከላከያም በየዓመቱ ለሐጅ ወቅት የተለየ የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ያዘጋጃል። በዚያ ጥግግት መካከል የትኛውም መኪና በሰዓቱ ሊደርስ እንደማይችል ስለታወቀ፣ ቅድሚያ የተሰጠው ለሚነደው ነገር ነው።

ወደ መለኪያው ስንመጣ፣ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው የመድረሻ ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ ግን ተያይዘው ከሚሄዱ በርካታ ጊዜያት የተሠራ ነው፦ እሳቱ ተነሥቶ እስኪታይ፣ ታይቶ እስኪደወል፣ ጥሪው ተቀባዩ ጋ ደርሶ ጣቢያው እስኪታዘዝ፣ ሠራተኞቹ ለብሰው እስኪወጡ፣ መኪናው እስኪደርስ፣ በመጨረሻም ውኃ እሳቱ ላይ እስኪያርፍ። የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ደሞዝተኛ ሠራተኛ ላላቸው ጣቢያዎች ያወጣው መለኪያ ለመውጣት 80 ሰከንድ፣ ለመጀመሪያው መኪና ጉዞ ደግሞ 240 ሰከንድ ይፈቅዳል። ይህም ከ100 ጥሪዎች ቢያንስ በ90ው መሟላት አለበት ይላል።

አማካይ ጊዜ ብቻውን ሊያሳስት ይችላል። አሥር ጥሪ አለ እንበል። ለዘጠኙ በ4 ደቂቃ፣ ለአሥረኛው በ24 ደቂቃ ተደረሰ። አማካዩ 6 ደቂቃ ይወጣል፤ በሪፖርት ላይ ጥሩ ይመስላል። አሥረኛው ቤት ግን ነድዶ አልቋል። ያ አሥረኛ ጥሪ ሁልጊዜ ከአንድ ሰፈር የሚመጣ ከሆነ፣ አማካዩ የአንድን ሰፈር መዘንጋት እየሸፈነ ነው ማለት ነው። ስለዚህ መለኪያው ለከተማ ብቻ ሳይሆን በየሰፈሩ ተለይቶ መውጣት ይኖርበታል።

ደቂቃ እንዲህ የሚከበርበት ምክንያት የቤት ዕቃ መለወጡም ነው። በአሜሪካ የተደረጉ የክፍል ማቃጠል ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ከተፈጥሮ ቁሳቁስ በተሠሩ የድሮ ዕቃዎች የተሞላ ክፍል ሙሉ በሙሉ በእሳት እስኪያዝ 29 ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ፣ ስፖንጅና ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሞላበት የዛሬ ክፍል ግን ከ4 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በእሳት ተያዘ። ከዚህ አንጻር ሲታይ በጣም ፈጣኑ መኪና እንኳ ብቻውን አይበቃም።

ሌላው የተለመደ መለኪያ የዳነ ንብረት ነው። የአዲስ አበባ ኮሚሽን ከእሳት በኋላ በሚሰጠው መግለጫ የወደመውንና የዳነውን ንብረት በብር ተምኖ ይናገራል። የወደመውን መገመት ይቻላል፤ «ዳነ» የተባለው ግን እሳቱ ሳይጠፋ ቢቀር ኖሮ የት ድረስ ይሄድ ነበር በሚል ግምት ላይ የቆመ ነው። ውድ ዕቃ ያለበት መጋዘን አጠገብ የተነሣ እሳት ትልቅ ቁጥር ይሰጣል፤ በድሃ ቤት አንድ ሕፃን ከጭስ የወጣበት ሥራ በብር ሲተመን ባዶ ነው። የተሻለው መለኪያ የሞተና የተጎዳ ሰው ቁጥር፣ ከተነሣበት ክፍል ሳይወጣ የቆመ እሳት ድርሻ፣ ጉድለቱ ተነግሮት ያስተካከለ ሕንፃ ብዛት ነው። ስዊድን በእሳት ማንም እንዳይሞትና ከባድ ጉዳት እንዳይደርስበት የሚል ብሔራዊ ግብ መያዟ፣ ሥራዋን ከማጥፋት ወደ መከላከል ያዘነበለ አድርጎታል።

የሳዑዲ ሲቪል መከላከያም ከፍተኛ የመከላከል ሥልጣን አለው። የንግድ ቤቶችና መጋዘኖች የእርሱን የደኅንነት ፈቃድ ማግኘት ይጠበቅባቸዋል፤ ጥያቄውም «ሰላማ» በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት ይስተናገዳል። የብርዱ ወቅት ሲገባ ደግሞ በዝግ ክፍል ከሰል ማንደድ ስለሚያስከትለው ሞት ያስጠነቅቃል። ይህ ማስጠንቀቂያ እኛን በቀጥታ ይመለከታል፤ ቡና በከሰል የምናፈላ፣ ለብርድም ምድጃውን ወደ መኝታ የምናስገባ ብዙዎች ነን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ነበልባል ሳይታይ ይገድላል።

ከመድረሻ ጊዜው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደግሞ የነዋሪው ናቸው። በሪያድ የሚደወለው 911 ነው፤ ይህ ቁጥር ባልተዘረጋባቸው አካባቢዎች ሲቪል መከላከያ በ998 ይጠራል። በሳዑዲ እያንዳንዱ ሕንፃ አራት ፊደልና አራት አኃዝ ያለው አጭር ብሔራዊ አድራሻ አለው። ዐረብኛው ለማይሳካለት ሰው ይህን አድራሻ በስልኩ ላይ አስቀምጦ መያዝ፣ ቦታውን በመንገርና በመሟገት የሚባክነውን ጊዜ ያድናል። የመንገዱ ክፍት መሆንም እንዲሁ ጊዜ ያድናል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የመግቢያ መንገድ ጥበት የማጥፋቱን ሥራ አክብዶት ነበር፤ በመጋዘን ሰፈርም በር ላይ የቆመ ተሳቢ ያንኑ ያደርጋል።

ስለዚህ በሱለይ የሚኖር ወገን አሠሪውን ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ፦ ግቢው የሲቪል መከላከያ ፈቃድ አለው ወይ? ማታ የሚቆለፈው በር ከውስጥ ይከፈታል ወይ? የእሳት ማጥፊያው ጊዜው አላለፈም ወይ? ተቋሙ በበኩሉ በፍተሻው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን በዚያ የሚያድረውን ሰው፣ የውጭ ዜጋውንም ጭምር፣ መመዝገብ አለበት። ዕቅድ የሚጠብቀው የቆጠረውን ነው፤ በመዝገቡ ያልገባ ሰው የሚተኛበት ግቢ መኪናም ፍተሻም ሲመደብለት አይታሰብም።