ሽቦው ጫፍ ላይ ያለ ሚዛን

አናሎግ-ዲጂታል ቀያሪ ያለማቋረጥ ከፍና ዝቅ የሚለውን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ በየቅጽበቱ እየለካ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ሰርኪዩት ነው። ሳንሱሲ ሰፈር በሚገኝ ቤት ውስጥ በመደበኛ የስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚቀበል ሞደም ካለ፣ ይህ ሰርኪዩትም በውስጡ አለ፤ ምክንያቱም መልእክቱ ሲላክ ዜሮና አንድ ቢሆንም በመዳቡ ላይ ሲጓዝ እየደከመና ቅርጹ እየተበላሸ ስለሚደርስ፣ ተቀባዩ መልሶ ሊያነበው የሚችለው በትክክል ሲለካው ብቻ ነው።

ልኬቱ፣ ማለትም ናሙናው፣ በሴኮንድ ስንት ጊዜ መወሰድ እንዳለበት የሚወስነው በሽቦው የሚያልፈው ከፍተኛ ድግግሞሽ ሲሆን፣ ናሙናው ቢያንስ የዚያ እጥፍ መሆን አለበት። በኢትዮጵያ በ1894 እ.ኤ.አ. የስልክ መስመር ዝርጋታ ሲጀመር ሽቦው የሚሸከመው ድምፅን ነበር፤ የስልክ ድምፅ ወደ ዲጂታል ሲለወጥ 8,000 ናሙና በሴኮንድ ይበቃዋል። በስልክ ሽቦ የሚመጣው የኤዲኤስኤል ኢንተርኔት ግን እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ስለሚደርስ 2.2 ሚሊዮን ያህል ናሙና ይጠይቃል።

የንድፍ ባለሙያው ፈተና ፍጥነትን፣ ትክክለኛነትንና የኃይል ቁጠባን ማስታረቅ ነው። በአንድ ምት የሚለካው «ፍላሽ» የተባለው ዓይነት እጅግ ፈጣን ቢሆንም፣ ለ8 ቢት፣ ማለትም ለ256 ደረጃ፣ 255 አነጻጻሪዎች ስለሚያስፈልጉት ብዙ ኃይል ይበላል። ሌላው ዓይነት ባለሱቅ ስኳር ሲመዝን እንደሚያደርገው በመጀመሪያ ትልቁን ድንጋይ፣ ቀጥሎ ግማሹን፣ ከዚያም የግማሹን ግማሽ እየሞከረ በ8 እርምጃ ይጨርሳል፤ ኃይል ይቆጥባል፣ ነገር ግን ይዘገያል።

በመረጃ ማዕከሎች በሴኮንድ 112 ጊጋቢት የሚያስተላልፉ መስመሮች 56 ቢሊዮን ናሙና ሲፈልጉ፣ መፍትሔው ዘገምተኞቹን ማሰለፍ ሆነ፤ 64 ቀያሪዎች ተራ በተራ ቢለኩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 875 ሚሊዮን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ሰዓቱ፣ ማለትም ምት ሰጪው ሰርኪዩት፣ በታክሲ ሰልፍ ላይ እንደሚቆም ተራ አስከባሪ ነው፤ ተራው ከተዛባ ሁሉም ይዛባል። 28 ጊጋኸርዝ በሚደርስ ሞገድ ላይ የሴኮንድ አሥር ትሪሊዮንኛ ያህል መዋዠቅ ትክክለኛነቱን ከ6 ቢት በታች ያወርደዋል።

እንግዲህ የኢንተርኔት ፍጥነት የሚወሰነው በሽቦው ጥራት ብቻ ሳይሆን፣ ሽቦው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በሚመዝነው ሰርኪዩትም ነው።