ውሃ ያቆየውን አየር ፈጀው

በመርካቶ ሸማ ተራ የሚነግድ ሰው የዕቃውን ጠላት ጠንቅቆ ያውቃል። የጥጥ ሸማ እርጥበት ይዞ ተጣጥፎ ከተቀመጠ እንደሚሻግት፣ ፀሐይ ላይ አብዝቶ ከዋለ ጥለቱ እንደሚደበዝዝ፣ ከበግ ጠጕር የተሠራውን በርኖስ ደግሞ ብል እንደሚበላው ያውቃል። ስለዚህ አንድ ዕቃ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ ከተፈለገ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ይህን ዕቃ የሚያጠፋው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ከሸማ ወደ መርከብ፣ ከሣጥን ወደ ጥልቅ ሐይቅ አሻግሮ የሚመለከት ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው መርከብ ከሰጠመ ውሃው በስብሶ እንዲጠፋ ያደርገዋል ብሎ ያስባል። ይህ አስተሳሰብ ሞቃትና ጨዋማ ለሆነው ባሕር እውነት ነው። በዚያ ባሕር ውስጥ መልኩ ትል የሚመስል፣ ወገኑ ግን ቅርፊት ካላቸው የባሕር እንስሳት የሆነ አንድ ፍጥረት ይኖራል፤ የመርከብ ትል ይሉታል። ይህ ፍጥረት በቅርፊቱ እንጨቱን እየፋቀ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የኛ አገር ምስጥ የቤትን ምሰሶ እንደሚያደርገው ሁሉ የመርከቡን ገላ ባዶ ያስቀረዋል። ይሁን እንጂ የመርከብ ትል ጨው በሌለበት ውሃ ሊኖር አይችልም። ከዚህም ሌላ ውሃው እጅግ ቀዝቃዛ በሆነ ጊዜ እንጨትን የሚያበሰብሱት ረቂቅ ነፍሳት ሥራቸው ይዘገያል። እንግዲህ ጨው የሌለው፣ ቀዝቃዛና ጨለማ የሆነ ጥልቅ ውሃ ለእንጨት መርከብ ጥሩ ሣጥን ነው ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ሣጥን በስፋት የሚገኘው በአሜሪካና በካናዳ መካከል በተዘረጉት ታላላቅ ሐይቆች ነው። እነዚህም ሱፒርየር፣ ሚሺጋን፣ ሂውሮን፣ ኢሪና ኦንታሪዮ የሚባሉ አምስት ሐይቆች ናቸው። በምድር ገጽ ላይ ከሚገኘው ጨው አልባ ውሃ አንድ አምስተኛው ያህል በነሱ ውስጥ ይገኛል። ሱፒርየር ብቻውን ከሃያ አምስት ጣና ይበልጣል፤ ጥልቀቱም 406 ሜትር ይደርሳል። በጥልቁ ያለው ውሃ በጋም ሆነ ክረምት ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አይርቅም። በ19ኛው መቶ ዓመት እህል፣ ሣንቃ፣ የድንጋይ ከሰልና የብረት አፈር የጫኑ መርከቦች በነዚህ ሐይቆች ላይ ይመላለሱ ስለ ነበረ፣ በማዕበል፣ በጭጋግ፣ በእሳትና በግጭት የሰጠሙት በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው።

ከነሱም መካከል ሃሚልተንና ስከርጅ የሚባሉት ሁለት የአሜሪካ የጦር መርከቦች ይጠቀሳሉ። እነዚህ መርከቦች አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር በተዋጋችበት ዘመን፣ ነሐሴ 8 ቀን 1813 ከሌሊቱ በድንገት በተነሣ ዐውሎ ነፋስ በኦንታሪዮ ሐይቅ ሰጠሙ። በ1973 በድምፅ ሞገድ በሚፈልግ መሣሪያ ሲገኙ 90 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር። በኋላም ወደ ታች በወረደ የፎቶግራፍ መሣሪያ ሲታዩ የሸራ ምሰሶዎቻቸው እንደ ቆሙ፣ መድፎቻቸው በየቦታቸው እንዳሉ፣ ከፊታቸው የተቀረጹት የእንጨት ምስሎችም ሳይጠፉ ተገኝተዋል። አንድ መቶ ስድሳ ዓመት አልፎም መርከቦቹ መርከብ መሆናቸውን አልተዉም ነበር።

እንዲህ ያሉትን መርከቦች በዓይናቸው ለማየት የሚሹ ጠላቂ ዋናተኞች ብዙ ናቸው። ነገር ግን ዕቃውን የሚጠብቀው ብርድ ለሰው ጠላት ነው። ጠላቂው ውሃ የማያስገባ ልብስ ካልለበሰ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጣቶቹ አልታዘዝ ይሉታል። የተጨመቀው አየር ከጠርሙሱ ሲወጣ እየተስፋፋ ስለሚቀዘቅዝ፣ የመተንፈሻው መሣሪያ በረዶ ሊይዝና አየሩ ያለ ማቋረጥ ፈስሶ ሊያልቅ ይችላል። የውሃውም ክብደት አለ፤ ሰው በየ10 ሜትሩ በወረደ ቍጥር በምድር ላይ የለመደውን የአየር ግፊት ያህል ይጨመርበታል። ወደ ጥልቁ በወረደም ጊዜ በአየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እንደ ጠጅ አእምሮን ያሰክራል፤ በደሙም ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በተከፈተ ጊዜ አረፋው እንዴት ተፍለቅልቆ እንደሚወጣ ሁላችንም አይተናል። ጠላቂው ቸኵሎ ወደ ላይ ከወጣ በደሙ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ስለ ሆነ፣ በየደረጃው እየቆመ በትዕግሥት መውጣት ግድ ይሆንበታል። በ1911 በሱፒርየር ሐይቅ የሰጠመችው ጉኒልዳ የምትባለው የመዝናኛ መርከብ 80 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ትገኛለች፤ ውበቷን ለማየት ከወረዱት መካከል ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በ1970፣ ሁለተኛው በ1989 በዚያው ሞተዋል።

ከነዚህም መርከቦች አያሌዎቹ መቃብር መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። ኤድመንድ ፊትስጄራልድ የተባለው ትልቅ የጭነት መርከብ ኅዳር 10 ቀን 1975 በሱፒርየር ሐይቅ በማዕበል ሲሰጥም 29ኙም ሠራተኞች ዐብረው ጠፍተዋል። በ1995 በሟቾቹ ቤተ ሰቦች ጥያቄ የመርከቡ ደወል ከጥልቁ ወጣ፤ በምትኩም የ29ኙ ሰዎች ስም የተጻፈበት ሌላ ደወል እንዲቀመጥ ተደረገ። ለመታሰቢያ የሚሆነውን ወስደው፣ መቃብሩን ግን ያለ ምልክት አልተዉትም።

አሁን ወደ ዋናው ቍም ነገር እንምጣ። በ1864 አልቪን ክላርክ የተባለች የሸራ መርከብ በሚሺጋን ሐይቅ፣ ግሪን ቤይ በሚባለው ወሽመጥ ሰጠመች። በ1967 የዓሣ አጥማጆች መረብ በጥልቁ ካለ ነገር ጋር ስለ ተያዘ፣ ፍራንክ ሆፍማን የተባለ ጠላቂ መረቡን ለማስለቀቅ ወርዶ መርከቧን አገኛት። ሆፍማንና ጓደኞቹ ከብዙ ድካም በኋላ በ1969 አወጧት። ጭቃዋና ውሃዋ ከተቀዳላት በኋላ፣ 105 ዓመት በጥልቅ ያሳለፈችው መርከብ በገዛ ገላዋ ተንሳፈፈች። ሕዝቡም ተደነቀ፤ ሜኖሚኒ በምትባል ከተማም ለጎብኚዎች ትታይ ጀመር። ነገር ግን እንጨቷን ለማዳን የሚበቃ ገንዘብም ሆነ ዝግጅት አልነበረም። በየዓመቱ እየደረቀች፣ እየተሰነጠቀችና እየበሰበሰች ሄደች። በ1994 ፈርሳ ተጣለች። ውሃ መቶ አምስት ዓመት ያቆየውን አየር በሃያ አምስት ዓመት ፈጀው።

ይህ የሆነበት ምክንያት የታወቀ ነው። ለብዙ ዘመን በውሃ ውስጥ የኖረ እንጨት ከላይ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል እንጂ ውስጡ ተዳክሟል፤ ቅርጹን ይዞ ያቆመው በየረቂቅ ቀዳዳው የሞላው ውሃ ነው። ውሃው በተነነ ጊዜ ቀዳዳዎቹ ይጨማደዳሉ፤ እንጨቱም ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በዚህ ላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት፣ እርጥበትና አየር ባንድነት የሚመቸው ሻጋታ የቀረውን ይበላዋል።

እንግዲህ የሰጠመ መርከብ ፈጽሞ አይውጣ ማለት ነውን? አይደለም። ስዊድኖች የፈጸሙት ሥራ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ቫሳ የተባለችው የጦር መርከብ በ1628 ከስቶክሆልም ወደብ በተነሣች በመጀመሪያ ቀኗ ሰጠመች። የባልቲክ ባሕር ውሃ ጨውነቱ አነስተኛ ስለ ሆነ የመርከብ ትል አልደረሰባትም። በ1961 ስትወጣ ግን ባለሙያዎቹ አየር እንደሚያጠፋት አስቀድመው ያውቁ ስለ ነበረ ለአንድ ቀን እንኳ አልተዘናጉም። በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ውሃ ተክቶ ቅርጹን የሚይዝ፣ ሰም የሚመስል ፖሊኤቲሌን ግላይኮል የተባለ ነገር 17 ዓመት ሙሉ ሲረጩባት ኖሩ። ሸራዎቿ ደግሞ የሸማ ነጋዴን ልብ የሚነኩ ናቸው። ቫሳ ከነበሯት 10 ሸራዎች ስድስቱ በዕቃ ቤት እንደ ተቀመጡ ተገኙ፤ ነገር ግን ጨርቁ ሲነኩት የሚፈርስ ስለ ነበረ በታላቅ ጥንቃቄና በብዙ ዓመት ትዕግሥት መዳን ነበረበት። ዛሬም ቫሳ በ1990 በተከፈተው ቤተ መዘክሯ ውስጥ የአየሩ ሙቀትና እርጥበት በየጊዜው እየተለካ ትጠበቃለች።

በታላላቅ ሐይቆች ግን አሁን የተያዘው መንገድ በአመዛኙ መርከቦቹን ባሉበት መጠበቅ ነው። በ2000 በሂውሮን ሐይቅ ዳርቻ ተንደር ቤይ የተባለው ሥፍራ በሕግ እንዲጠበቅ ተደርጓል። ጀልባዎች መልሕቃቸውን በመርከቦቹ ላይ እንዳይጥሉ የሚታሰሩባቸው ተንሳፋፊ ምልክቶች ተተክለዋል፤ ጠላቂውም አይቶ ይመለሳል እንጂ ዕቃ አያነሣም። ነገር ግን ሣጥኑ ራሱ አዲስ ጠላት ገብቶበታል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከአውሮፓ በመጡ መርከቦች ውሃ ውስጥ ተደብቀው የገቡ ጥቃቅን ቅርፊታም እንስሳት በሐይቆቹ ተባዝተው፣ በሰጠሙት መርከቦች ላይ እየተደራረቡ ተጣብቀዋል። ውሃውን እያጣሩ ስለሚመገቡ ሐይቁን አጥርተውታል፤ ስለዚህ ጠላቂው ከበፊቱ አርቆ ያያል፤ የሚያየው ግን የመርከቡን እንጨት ሳይሆን የነሱን ክምር ነው። ለቅርፊታቸው የሚሆን ካልሲየም የሚያንሰው ሱፒርየር ብቻ በብዛት እንዳይወርሩት ተርፏል።

በአገራችን ጣና ሐይቅ እንዲህ ያለውን ነገር መጠበቅ አይቻልም። የጣና ጥልቀት 15 ሜትር ያህል ነው፤ ውሃውም እንደ ሰሜኑ ሐይቆች ቀዝቃዛ አይደለም፤ ከደንገል የሚሠራውም ታንኳ ዕድሜው አጭር ነው። ቢሆንም ነገሩ ከኛ የራቀ አይደለም። በየመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ያረጁ ፋይሎች፣ በየገዳማቱ ብራናዎች፣ በየቤታችንም ከአያት የወረስናቸው አልባሳት አሉ። ከነበሩበት አውጥቶ ለሕዝብ ማሳየት የሚያስመሰግን ሐሳብ ነው። ነገር ግን ማውጣት የማዳን መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። አንድን የቆየ ነገር ከቦታው የሚያነሣ ሰው እስከ ዛሬ ምን እንዳቆየው አስቀድሞ ይመርምር፤ የሚያስቀምጥበትን ቦታ፣ የሚጠብቀውን ሰውና የሚወጣውን ወጪ ያዘጋጅ። ይህ ካልተዘጋጀ፣ እስኪዘጋጅ ድረስ ባለበት መተዉ ራሱ ጥበቃ ነው።