ያውቁ ኖሯል? ሰኔ 27፦ ሁለት ከተሞች በአንድ ቀን

ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ከምሥራቅ ሱዳን ከተሞች ሁለቱን በአንድ ቀን ያዘ፤ በሰሜን ከሰላን፣ በደቡብ ጋላባትን። ሞሶሊኒ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከገባ ገና ወር አልሞላውም ነበር።

ጋላባት ዛሬ የገዳሪፍ ግዛት ናት። ከኢትዮጵያዋ መተማ የሚለያት ክረምት ሲገባ የሚሞላ፣ በጋ ላይ ደርቆ በእግር የሚሻገሩት ወንዝ ብቻ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ከድርቡሾች ጋር ተዋግተው የወደቁት እዚሁ መተማ ላይ ነው።

እንግሊዞች ጋላባትን ለማስመለስ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ማጥቃት ጀመሩ። አዛዡ ዊሊያም ስሊም፣ በኋላ በበርማ ግንባር ስሙ የገነነው ጄኔራል ነበር። ምሽጉን ያዘ፤ ታንኮቹ ግን በፈንጂና በድንጋይ ተሰናከሉ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖችም ወገኑን ደበደቡት። መተማን ሳይዝ አፈገፈገ። ለዝነኛ ጄኔራል የማያኮራ ጅምር ነው።

የከሰላ ነገር ቀለል ይላል። ጣሊያኖች በጥር 1933 ራሳቸው ለቀው ወጡ። በዚያው ሰሞን፣ ጥር 12 ቀን፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ተሻገሩ።

ድንበሩ ዛሬም መሻገሪያ ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲፈነዳ ከሸሹት ከፊሎቹ መጀመሪያ ያረፉት በዚሁ ገዳሪፍ ግዛት፣ መንደር 8 በሚባለው የመቀበያ ጣቢያ ነበር።