ማሙሽ በገዛ እጁ በላ

ልጅ አልበላም ሲል የቤቱ ሰው ሁሉ ይጨነቃል። እናት ትጨነቃለች። አያት ይጨነቃሉ። ጎረቤቱም የየራሱን ምክር ይዞ ይመጣል። ዛሬ የምንነግራችሁ እንዲህ ያለ ጭንቀት ስለገባበት አንድ ቤት ነው። ቤቱ ያለው ደብረ ብርሃን ነው። የሕፃኑን ስም አንጽፍም። እኛም እንደ ጎረቤቶቹ «ማሙሽ» እንለዋለን።

የማሙሽ እናት የፋብሪካ ሠራተኛ ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። 90 ቀን ሦስት ወር ነው። ሦስቱ ወር ሲያልቅ እናቲቱ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሕፃኑ ቀን ቀን ከአያቱ ጋር ይውላል። ጡት የሚያገኘው ማታ ማታ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀን የጣሳ ወተት በጡጦ ለመደ።

ስድስት ወር ሲሞላው አያቱ ድንች ቀቀሉ። በወተት አቅጥነው፣ በወንፊት አጥልለው ሰጡት። ወደደው። እሰየው ተባለ። ግን ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ። ሰባት ወር ሆነ፤ ስምንት ወር ሆነ፤ ዘጠኝ ወር ሞላው። ማሙሽ አሁንም የሚያውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ጡጦና የተጠለለ ድንች። ትንሽ የጓጎለ ነገር አፉ ከገባ ይተፋዋል። እንጀራ ሲያቀርቡለት ፊቱን ያዞራል።

እናቱ ከእኛ ጋር ማታ ፊደል ትማራለች። አንድ ማታ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ቀረች። «ልጄ ምግብ ጠላ። ምን ይሻለኛል?» አለችን። እኛ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ስለዚህ እሑድ ዕለት ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሆነን ወደ ቤቷ ሄድን።

ቤት ውስጥ ያየነው

ስንደርስ አያት ማሙሽን እያበሉ ነበር። ጭናቸው ላይ በጀርባው አጋድመውታል። መዳፋቸውን አፉ ላይ አድርገው ድንቹን ይግቱታል። ልጁ ያለቅሳል። ባለቀሰ ቁጥር አፉ ይከፈታል። አፉ በተከፈተ ቁጥር ይጨመርበታል።

«እማማ፣ ልጁ እኮ አልፈለገም» አልን።

«ኧረ ልጆቼ! እናንተንም እየጋቱ ነው ያሳደጓችሁ። ካልጋቱት ምን ሊበላ ነው?» አሉን።

አያት ይህን የሚያደርጉት ለክፋት አይደለም። ልጁ እንዳይጎዳባቸው ፈርተው ነው። ባለሙያዋም አልተቆጣቻቸውም። መጀመሪያ የክንድ መለኪያዋን አወጣች። የማሙሽን ክንድ ለካች። 12 ሴንቲ ሜትር ከ7 ሚሊ ሜትር ሆነ።

ይህ ምን ማለት ነው? ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ ከ12 ሴንቲ ሜትር ተኩል ካነሰ ምግብ ጎድሎታል ማለት ነው። ከ11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ካነሰ ደግሞ ትልቅ አደጋ ነው፤ በቶሎ መታከም አለበት። ማሙሽ ከመስመሩ ያለፈው በ2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። እናቱ ይህን ስትሰማ ዝም አለች።

መብላትም እንደ መጻፍ ይለመዳል

«ልጁ ምግብ አልጠላም» አለች ባለሙያዋ። «ማኘክ አልተማረም። ምግብ ሲያይ ደግሞ መጋቱ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ ይፈራል።»

መጋት ሌላም ጉዳት አለው። ልጅ እያለቀሰ ሲጋት ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል።

እኛም ነገሩን ከራሳችን ክፍል ጋር አስተያየነው። እናንተ እርሳስ መያዝ የተማራችሁት ራሳችሁ ይዛችሁት ነው። ሌላ ሰው ሁልጊዜ እጃችሁን ይዞ ቢጽፍላችሁ ኖሮ «ሀ»ን ብቻችሁን መጻፍ አትችሉም ነበር። ሕፃንም እንደዚሁ ነው። ምግቡን በእጁ ይይዛል፤ ይጨብጣል፤ ያሸታል፤ ይልሳል። ከዚያ ያኝካል። ጥርስ ባይኖረውም ለስላሳ ምግብ በድዱ ያደቅቃል።

ጊዜውስ መቼ ነው? ልጁ ሳይደገፍ ሲቀመጥ፣ አንገቱ ሲጠና፣ ያገኘውን ነገር ወደ አፉ ሲወስድ ነው። ብዙ ልጆች 8 ወር ሲሆናቸው በእጃቸው ይዘው መብላት ይችላሉ። አንድ ዓመት ሲሞላቸው ቤተሰቡ ከሚበላው አብረው ይበላሉ። ያልላመ ምግብ ከ10 ወር በላይ ሳይቀምስ የቆየ ልጅ ግን በኋላ ምግብ መራጭ ሊሆን ይችላል። ማሙሽ ዘጠኝ ወሩ ነው። ገና አልመሸበትም።

እንዴት ተጀመረ?

ባለሙያዋ «ሁሉን በአንድ ቀን አትለውጡ» አለች። የመጀመሪያው ሥራ ወንፊቱን ማስቀመጥ ሆነ። ድንቹ በሹካ ብቻ ተደቆሰ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጓጎለ ሄደ።

ሁለተኛው ሥራ በእጅ የሚያዝ ምግብ ማቅረብ ነው። ምግቡ ለስላሳ ይሁን። በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚደቅ ይሁን። እንደ አዋቂ ጣት ረዘም ተደርጎ ቢቆረጥ ለልጅ እጅ ይመቻል። የበሰለ ዱባ፣ የበሰለ ካሮት፣ ድንች፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ የእንቁላል ቅቅል፣ አልጫ ወጥ የነካ እንጀራ ይሆናል። ለሕፃኑ የሚሆነው በርበሬና ጨው ከመግባቱ በፊት ይቀነስለት።

ድንችና ወተት ብቻ አይበቁም። ከ6 ወር በኋላ ሕፃን ከምግብ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ማግኘት አለበት። ብረት ካነሰው ደሙ ያንሳል። ብረት በሥጋ፣ በጉበት፣ በምስርና በባቄላ ውስጥ ይገኛል። ሥጋና ጉበት በደንብ በስለው፣ በጣም ደቅቀው ይሰጡ። ሻይ ግን ለሕፃን አይሰጥ፤ ሻይ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። አያት «ጾም ሲሆንስ?» ብለው ጠየቁ። ሕፃን አይጾምም። እንቁላሉና ወተቱ በጾም ወራትም አይቅርበት። ለእሱ የሚሆን ትንሽ ድስት ለብቻ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሦስተኛው ሥራ ሰዓት ማወቅ ነው። ልጁ ጡጦ ጠብቶ ከጠገበ አይበላም። ስለዚህ ምግቡ ይቅደም፤ ወተቱ ይከተል። በማሙሽ ዕድሜ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ምግብ፣ በመካከሉ 1 ወይም 2 ጊዜ ቀለል ያለ ነገር ይሰጣል። ጡቱ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። የጣሳ ወተቱም በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ብሎ ውኃ ማብዛት ግን ልጁን ማስራብ ነው። ከጡጦም ይልቅ ለማጠብ የሚቀለው ስኒ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ። የአብዪዋም እጅ፣ የልጁም እጅ።

ተጠንቀቁ!

በእጅ የሚያዝ ሁሉ ለሕፃን አይሆንም። ቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻ፣ ከረሜላ፣ ጥሬ ካሮት፣ ያልተከፈለ የወይን ፍሬ፣ ጠንካራ የሥጋ ቁራጭ ያንቃሉ። ማርም ሕፃኑ አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥ፤ ከባድ ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ልጁ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይብላ። እየተኛ ወይም እየዳኸ አይብላ። አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ሆኖ ይየው። ልጅ ሲለማመድ አንዳንዴ «ኧቅ» ይላል። ፊቱ ይቀላል፤ ያስላል፤ ራሱ ያወጣዋል። ያን ጊዜ ታገሡ። ጣታችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ፤ ምግቡን ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

ድምፁ ከጠፋ፣ ማሳልም መተንፈስም ካቃተው ግን ታንቋል። አንድ ዓመት ያልሞላውን ልጅ ክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት። ራሱ ወደ ታች ይሁን። በመዳፋችሁ ተረከዝ በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል 5 ጊዜ ምቱት። ካልወጣ ገልብጡትና የደረቱን መካከል 5 ጊዜ ተጫኑ። እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ሌላ ሰው ለእርዳታ ይሩጥ።

ማሙሽስ ምን ሆነ?

በመጀመሪያው ቀን ዱባውን ጨፈለቀውና ወረወረው። አያት «ይኼማ ጥጋብ ነው! እህል ይጣላል እንዴ?» አሉ። በሁለተኛው ቀን ፀጉሩን ቀባበት። በሦስተኛው ቀን ላሰው። እናቱ ተስፋ ልትቆርጥ ነበር። ባለሙያዋ ግን «አንድ ልጅ አዲስ ምግብ እስኪለምድ 8 ወይም 10 ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መቅመስ ያስፈልገዋል። አቅርቡለት፤ ካልፈለገ ዝም ብላችሁ አንሱ። ነገ ደግሞ አቅርቡ» ብላ ነበር። አያት መጋቱን ተዉ። ለእሳቸው ከባዱ ሥራ ይኸው ነበር። እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አቃታቸው። በኋላ ግን ከልጁ ፊት ለፊት ተቀምጠው የራሳቸውን ዱባ መብላት ጀመሩ። ልጁም አፋቸውን አፋቸውን ያይ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ዱባውን ነከሰና ዋጠ።

አንድ ጊዜ ድንች «ኧቅ» አስባለው። አያት ደንግጠው ተነሡ። ምክሩ ትዝ አላቸውና ቆሙ። ማሙሽ አሳለና አወጣው። ከዚያ ያንኑ ድንች መልሶ አነሣ።

ከሁለት ወር በኋላ ክንዱ እንደገና ተለካ። 13 ሴንቲ ሜትር ከ2 ሚሊ ሜትር ሆነ። ባለፈው እሑድ እኛም ቤታቸው ተጋብዘን ነበር። ማሙሽ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ ምስር የነካ እንጀራ ይበላል። ግማሹ አፉ ውስጥ ነው፤ ግማሹ መሬት ላይ ነው። በመሐል አንዱን ቁራጭ ወደ አያቱ አፍ ዘረጋ። አያትም ጎንበስ ብለው ጎረሱለት። «እኔ ስግተው የኖርኩት ልጅ እኔን አጎረሰኝ» አሉ።

እናንተስ ቤት የማሙሽ ዓይነት ልጅ አለ? በእጁ ይዞ ይሞክር። ከሳሳባችሁ ግን ቤት ውስጥ አትጠብቁ። ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ክንዱን አስለኩ።

ተወያዩባቸው
1. ማሙሽ ምግብ የፈራው ለምንድን ነው?
2. በቤታችሁ ካለው ምግብ ለሕፃን እጅ የሚሆነው የትኛው ነው?
3. ለሕፃን የማይሰጡ አራት ምግቦችን ጻፉ።