የውርጭ አገር የጓሮ መዋኛ

በሚኒሶታ ግዛት፣ ይልቁንም ብዙ ያገራችን ሰዎች በሚኖሩባቸው በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከተሞች ዙሪያ፣ ከቤታቸው ጓሮ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሰዎች ዘወትር የሚሰሙት አንድ ወቀሳ አለ፤ ይኸውም በወርኃ ጥር ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወርዶ በሚያድርበት፣ ለመዋኘት የሚመቸውም ጊዜ ከሰኔ መባቻ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ከሦስት ወር እምብዛም በማያልፍበት አገር ገንዳ ማሠራት ገንዘብን በከንቱ ማጥፋት ነው የሚል ነው። እኔ ግን ይህን ወቀሳ ከልቤ ተቀብዬው አላውቅም። ወቃሾቹ ገንዳውን የሚመለከቱት ልጆች በሚንቦጫረቁበት ወራት ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሁሉ ይልቅ ሊደነቅ የሚገባውን ክፍል፣ በበረዶ ሥር ተከድኖ ብርዱን ሁሉ ችሎ የሚከርምበትን ጊዜ፣ ሳይመረምሩት ይቀራሉ።

ስለ ዕለታዊ አያያዙ ብዙ ማለት አያሻም። ፓምፑ ውኃውን ስቦ በማጣሪያው አሳልፎ ይመልሰዋል፤ ክሎሪኑ ከሚሊዮን እጅ ከ1 እስከ 3 እጅ፣ ፒኤቹም ከ7.2 እስከ 7.8 ሲሆን ውኃው ጤናማ ነው፤ ይህንንም በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ መለካት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ሙቀቱ ከሁሉ በላይ የሚያመልጠው በትነት ስለ ሆነ፣ ገንዳውን ሌሊት ሳይሸፍን የሚያድር ሰው ለማሞቂያው የሚከፍለው ገንዘብ አብዛኛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄድበታል። ዓይን የሚያቃጥለውን ሽታ የክሎሪን ብዛት አድርገው የሚቆጥሩ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሽታው ክሎሪኑ ከላብና ከሽንት ጋር ተዋሕዶ ኃይሉ ሲደክም የሚወጣ ስለ ሆነ፣ መድኃኒቱ ክሎሪን መጨመር ነው። ክሎሪንና አሲድን በአንድ ባልዲ የሚያደርጉትን ግን በዝምታ ላልፋቸው አልችልም፤ ከሁለቱ ድብልቅ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሳንባን የሚያቃጥል ነውና፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ በተለያየ ሰዓት፣ ዱቄቱም ወደ ውኃው እንጂ ውኃው ወደ ዱቄቱ ሳይደረግ መጨመር ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልመለስ። ቤት ከነገንዳው የገዙ አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ ያገሬ ሰው ነበሩ፤ በመስከረም ማለቂያ ልጠይቃቸው ብሄድ ውኃውን በፓምፕ ወደ መንገዱ ቦይ እያስወጡ፣ ገንዳውም እስከ ወገቡ ጎድሎ አገኘሁ። «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» ብላቸው፣ «በረዶ ሆኖ ግድግዳውን ሳይሰነጥቅብኝ ባዶውን ይክረም ብዬ ነው፤ የጎንደሩ የፋሲል መዋኛስ ከጥምቀት በኋላ ባዶውን አይደለም እንዴ የሚቀመጠው?» አሉኝ። ፓምፑን እንዲያቆሙልኝ ለመንኋቸውና፣ ገብተን ቡና እስኪፈላ ድረስ ወረቀትና እርሳስ አስመጥቼ የነገሩን ሐተታ አብረን ጻፍነው።

የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በተሳበ ውኃ የሚሞላ፣ ግንቡም ውርጭ አፈሩን አርግቶ በማይነፋበት አገር የቆመ ስለ ሆነ፣ ለሚኒሶታ ገንዳ ምሳሌ ሊሆን አይችልም። ከመሬት ውስጥ የተቀበረ ገንዳ ውኃ የሚያገኘው ከውስጡ ብቻ ሳይሆን ከውጭም ነው፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው አፈር በዝናብና በሚቀልጥ በረዶ ይርሳል፣ የከርሰ ምድሩም ውኃ በየወቅቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ገንዳው ሙሉ ሲሆን የውስጡ ክብደት የውጭውን ግፊት ይመክተዋል፤ ባዶ ሲሆን ግን ያ ግፊት የሚመልሰው ያጣል።

ስፋቱ 5፣ ርዝመቱ 10፣ አማካይ ጥልቀቱም 1.50 ሜትር የሆነ የኮንክሪት ገንዳ እንውሰድ። ሲሞላ 75 ኩብ ሜትር፣ ማለት 75 ቶን ውኃ ይይዛል። የወለሉና የግድግዳው ውፍረት 15 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ አንዱ ኩብ ሜትር ኮንክሪት 2.4 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ ወለሉ 18፣ ግድግዳው 16፣ በጠቅላላው ባዶው ገንዳ 34 ቶን ያህል ይመዝናል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሲራኩሱ አርኪሜዴስ እንዳስተማረው፣ በውኃ ውስጥ ያለ አካል ሁሉ ከቦታው ባስለቀቀው ውኃ ክብደት ልክ ወደ ላይ ይገፋል። እንግዲህ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከወለሉ በላይ 1 ሜትር ብቻ ቢቆም፣ ገንዳው ያስለቀቀው ውኃ 50 ኩብ ሜትር፣ ግፊቱም 50 ቶን ነው። 34ቱ ቶን 50ውን ሊያሸንፍ አይችልም፤ ዙሪያውን ያቀፈው አፈር ጥቂት ቢያግዘውም፣ ያ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የወጣበት ግንብ በጣና ላይ እንዳለ ታንኳ መንሳፈፍ ይጀምራል፤ ወለሉ ይነሣል፣ ቧንቧው ይቆረጣል፣ ዙሪያው የተነጠፈው ድንጋይም ይገለበጣል። ጋሼ ሒሳቡን በራሳቸው እጅ ሁለተኛ ከሠሩት በኋላ ቡናውን ሳይጠጡ ወጥተው የውኃውን ጎማ ወደ ገንዳው መለሱት።

የፋይበርግላስ ገንዳ ከኮንክሪቱ እጅግ ስለሚቀል አደጋው ይብስበታል፤ ላስቲክ የለበሰውም ባዶውን ሲቀር ልባሱ በብርድ ተሸማቅቆ ይቀደዳል፣ ግድግዳውም ወደ ውስጥ ይጎብጣል። በአንዳንድ ገንዳ ወለል ላይ፣ ከታች የሚገፋው ውኃ ሲበረታ ተከፍቶ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ቫልቭ ይደረጋል፤ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በአሸዋና በጭቃ ሊደፈን የሚችልን አንድ ትንሽ ዕቃ ተማምኖ ገንዳን ባዶ ማስከረም የጠቢብ ሥራ አይደለም። ውርጩም የራሱ ኃይል አለው፤ የሚኒሶታ የሕንፃ ደንብ በደቡቡ የግዛቱ ክፍል የቤት መሠረት ቢያንስ 42 ኢንች፣ ማለት 1.07 ሜትር ያህል፣ በሰሜኑ ደግሞ 60 ኢንች ጠልቆ እንዲጣል የሚያዝዘው፣ እርጥብ አፈር እስከዚያ ጥልቀት በርዶ እያበጠ የሚያገኘውን ሁሉ ስለሚገፋ ነው። ይህን የአፈር ግፊት ከውስጥ ሆኖ የሚደግፈው ያው ውኃ ነው።

«ታዲያ ውኃው ራሱ በረዶ ሆኖ ገንዳውን አይሰነጥቀውምን?» ለሚል ሰው መልሱ በውኃ ባሕርይ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛል። ሌላው ፈሳሽ ሁሉ ማለት ይቻላል በበረደ ቁጥር እየከበደ ወደ ታች ሲወርድ፣ ውኃ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው በ4 ዲግሪ ነው፤ ከዚያ በታች ሲበርድ መልሶ ይቀልላልና ወደ ላይ ይወጣል፣ በረዶ ሲሆንም መጠኑ በመቶ 9 እጅ ያህል ጨምሮ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ገንዳው የሚረጋው ከላይ ወደ ታች ነው፤ የረጋውም ገጽ ከላዩ ከሚከመርበት አመዳይ ጋር ሆኖ ለታችኛው ውኃ መጎናጸፊያ ይሆነዋል፣ በጥልቁም በኩል ያለው ፈሳሽ እንደ ሆነ ይከርማል። ሚኒሶታ በ10,000 ሐይቆቿ የምትመካ አገር ናት፤ ሰዎቿ በጥር በሐይቁ ላይ ድንኳን ተክለው፣ በረዶውን ሰርስረው ከሥሩ ሕያው ዓሣ የሚያወጡት በዚሁ ሕገ ተፈጥሮ ነው። በገንዳው ገጽ ላይ የሚረጋው በረዶ ከላዩ የሚከለክለው ስለሌለ ወደ ላይ ተነፍቶ ኃይሉን ያወጣል።

በረዶ በእውነት የሚያፈርሰው መውጫ በሌለው ጠባብ ስፍራ የቀረውን ነው፤ ይኸውም ቧንቧውን፣ ፓምፑን፣ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻ የውኃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ገጹ ጥቂት ዝቅ ይደረጋል፣ በየቧንቧው ያለው ውኃ በኮምፕሬሰር አየር ተነፍቶ ይወጣል፣ አፉም በጎማ ውታፍ ይደፈናል። በሚያጠራጥር መሥመር ውስጥ አንቲፍሪዝ የሚያፈስስ ሰው ፕሮፒሊን ግላይኮል የሆነውን፣ ለገንዳ ተብሎ የተሠራውን ይግዛ፤ ለመኪና የሚደረገው ኤቲሊን ግላይኮል መርዝ ነውና ልጆች ከሚዋኙበት ውኃ አጠገብ ሊደርስ አይገባውም። መክደኛው ሸራም ዙሪያውን በመሬት ላይ ተቸንክሮ የተወጠረ፣ የሰው ክብደት የሚችል ይሁን፤ ልል ሸራ ላይ የረገጠ ሕፃን ከነሸራው ሊሰጥም ይችላል። አጥሩም ቁመቱ ከ1.20 ሜትር አይነስ፣ በሩም ራሱ የሚዘጋ ይሁን።

በግንቦት ሸራው ሲነሣ ያው ያምናው ውኃ ይገኛል፤ ጥቂት ሞልቶለት፣ ተጣርቶ፣ ክሎሪኑ ተስተካክሎ ለዘንድሮ ይሆናል። ብዙዎች ግን ሙቀቱን እስከ ሰኔ አጋማሽ እየጠበቁ ውኃው በዋቅላሚ አረንጓዴ ሆኖ ያገኙትና ገንዳውን ያማርራሉ፤ ዋቅላሚ ከ15 ዲግሪ በላይ ሲሆን መበርታት ስለሚጀምር፣ ከዚያ ቀድሞ መክፈት ብዙ ድካምና ወጪ ያድናል።

ገንዳ ያላችሁ ወገኖቼ ሆይ፣ ስለ ጥገና ማፍሰስ የግድ ቢሆንባችሁ፣ ዝናብ በቆመበትና ምድር በደረቀበት ጊዜ፣ የከርሰ ምድሩን ውኃ አስለክታችሁ፣ በባለሙያ እጅ አስደርጉት፤ ብርድን ፈርታችሁ ግን ከቶ አታፍስሱት።