የሶሻል ወርክ መምህር ሥራው ምንድን ነው?

ቤተ ክርስቲያንዎ ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ወይም አረጋውያንን የምትረዳ ከሆነ «ሶሻል ወርከር» የሚለውን ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። እነዚህን ባለሙያዎች የሚያሠለጥነውን መምህር ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም።

የዚህ መምህር ሥራ በክፍል ውስጥ አያበቃም። ተማሪዎቹ ለልምምድ ወደ ሆስፒታልና ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ይወጣሉ፤ እርሱም ይከታተላቸዋል። አንዲት ተማሪ የአንዲትን እናት ችግር ሰምታ ወዲያው ምክር ብትሰጥ፣ «እናትየዋ ራሷ ምን ለማድረግ አስባ ነበር?» ብሎ ይጠይቃታል። ይህ ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። ጥናት ሲያደርግም የሰዎቹን ፈቃድ ማግኘትና ምስጢራቸውን መጠበቅ ግዴታው ነው። (ይህስ ለእኛም ይጠቅመን ነበር! በጸሎት ርዕስ ስም የስንቱ ገበና ወጥቷል?)

በአገራችን ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ የተከፈተው ትምህርት ቤት ከአብዮቱ በኋላ ተዘጋ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና የተጀመረው በ2004 ነው፤ ያውም በማስተርስ። በ2006 ደግሞ የዶክትሬት ትምህርት ተከተለ። ልብ ይበሉ፤ የተጀመረው ከላይ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መምህር ያስፈልጋል፤ ለ30 ዓመታት ያህል ግን አገሪቱ በሙያው መምህር አላፈራችም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቺካጎ ካለው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ፕሮፌሰሮች ጭምር በማስተማር ረድተዋል።

ልጅዎ ይህን መንገድ ከመረጠ ወደ ማስተርስ አያጣድፉት። አስቀድሞ ጥቂት ዓመታት ከሰዎች ጋር ይሥራ፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለዚያ ነው።